«የእኛ ክረምት መቼ ነው የሚመጣው?»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ሕፃናት በአጸደ ሕፃናት ስለ ወቅቶች የሚማሩት ነገር በመስኮታቸው ከሚያዩት ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ምዝገባ በተጀመረበትና ትምህርት ቤቶች ለአዲሱ ዓመት በሚሰናዱበት በዚህ በነሐሴ መጨረሻ ጉዳዩን ባነሣው ሰሚ አላጣም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጄ ዓመቱን ሙሉ የሠራችባቸውን ወረቀቶች በአንድ ፋይል ታቅፋ መጣች። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ከነበረዶው ይወርድ ጀመር። እኔ በጥቁር ጭቃ የተለወሰ የላስቲክ ቦት ጫማዋን አጥባለሁ፤ እሷ ሳሎን ተቀምጣ ፋይሉን ታገላብጣለች። ከወረቀቶቹ አንዱን ይዛ መጣች። ወረቀቱ ለአራት የተከፈለ ሲሆን፣ በአንደኛው ካሮት አፍንጫ የተተከለለትና ቀይ ሻርፕ የጠመጠመ የበረዶ ሰው፣ በሁለተኛው ቡናማ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ፣ በሦስተኛው ሮዝ አበባ ያወጣ ዛፍ፣ በአራተኛው ባሕር ዳር የተዘረጋ ትልቅ ጥላ ተሥሎበታል። ከበረዶው ሰው ሥር፣ በነጠብጣብ የተጻፉትን ፊደላት በእርሳስ ተከትላ፣ «ክረምት» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱን አሳየችኝና ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ «እማዬ፣ የእኛ ክረምት መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ጫማዋን እንደያዝሁ «ይኸው መጥቶ የለም እንዴ?» አልኋት። አላመነችኝም። ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳው ጥግ የተጠራቀመውን በረዶ በሻይ ብርጭቆ ዝቃ ሰው ልትሠራበት ሞከረች፤ ጠጠር ጠጠሩ ግን አልጣበቅ አላት። ዓይን የሚሆኑ ሁለት የምስር ፍሬዎች ከወጥ ቤት ይዛ እስክትመለስ ድረስ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውኃ ብቻ ነበር። «የእኛ በረዶ ለምን ሰው አይሆንም?» ብላ አለቀሰች። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚነጠፈውንም «በረዶ» ስለምንለው ግራ መጋባቷ አያስደንቅም። ልቤን የነካው ግን በራሷ ሰማይና በራሷ ጭቃ ላይ እምነት ማጣቷ ነው፤ ትክክለኛው ክረምት ወረቀቱ ላይ ያለው ነው ብላ ስለምታምን የእኛውን እንደ ጉድለት ቆጥራዋለች።

መምህርቷን አልወቅስም። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን ይዞ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ወረቀቱም ከውጭ መጽሐፍ የተባዛ መሆኑ ያስታውቃል። ስሕተቱ የሚጀምረው ቃላቱን አንድ ለአንድ ከመተርጎም ነው። የአውሮፓውያኑን «ዊንተር» «ክረምት»፣ «ሰመር»ን ደግሞ «በጋ» ብለን ስንተረጉም ዓመቱን ገልብጠን ለልጅ እንሰጠዋለን። እነሱ ዘንድ በረዶ የሚነጠፍባቸው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ለእኛ ሰማይ ጠርቶ የሚውልበት፣ ሠርግና ጥምቀት የሚደምቅበት በጋ ነው። እነሱ በጠራራ ፀሐይ ባሕር ዳር የሚንጋለሉባቸው ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለእኛ ጃንጥላ ከእጅ የማይለይባቸው ወራት ናቸው። «ፀደይ» የሚለው ስምም እንዲሁ ቦታውን ስቷል። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ሆኖም አበባ ያለበት ሁሉ ፀደይ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ብዙ ሰው የአደይ አበባውን ወራት ፀደይ ይለዋል፤ መፀው የሚለው ውብ ስም ከልጆች ጆሮ እየራቀ ነው።

አባቶቻችን ወቅትን በደንብ ተመልክተው እንደሰየሙ ለመረዳት የክረምትን ንዑሳን ክፍሎች ማየት ይበቃል። አንዱ ዘርዕና ደመና፣ ሌላው መብረቅና ነጎድጓድ ይባላል፤ በነሐሴ አጋማሽ የሚገኘው ክፍል ዕጓለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች ይባላል። ይህን ለልጄ ስነግራት ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ የሚያርፈውን ቁራ ለሦስት ቀናት ያህል በመስኮት ስትጠብቀው ሰነበተች። ወቅት ለአምስት ዓመት ሕፃን የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው።

ምክንያቱንም ቢሆን በልጅ አቅም ማስረዳት ይቻላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ እኛን ከወቅት ወደ ወቅት የሚያሸጋግረን በዋናነት የዝናቡ መምጣትና መሄድ ነው። ከባዱ ብርድ የሚመጣው ደግሞ ዝናቡ ከሄደ በኋላ ነው፤ ሌሊት ሰማዩ ያለ ደመና ሲያድር መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት እንደ ልብስ የሚይዝለት ስለማያገኝ ጠዋት በውርጭ ይነጋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ለዚሁ ብርድ ነው። ልጄን ብርድ ልብሱን ገልጬ መልሼ እያለበስሁ ነገሩን ባሳየኋት ጊዜ ወዲያው ገባት፤ በማግስቱም ለታናሽ ወንድሟ እሷው አስረዳችው።

ከዚያች ከሐምሌዋ ቀን በፊትም ቢሆን በቤታችን አንድ ልማድ ነበረን። ከብሎካችን ጀርባ በእግር ጥቂት እንደተጓዙ ኮንዶሚኒየሙ ያልቅና የጤፍ ማሳ ይጀምራል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ አራታችንም ወደዚያው እንወርዳለን፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንዲት ግራር ሥር እንቆማለን፤ ልጄ ያየችውን ትሥላለች። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። በሐምሌ ገበሬው በበሬ ደጋግሞ አርሶ ጤፉን ሲዘራ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ባለፈው ዓመት የወንድ ልጄ አንድ እግር ጫማ ተውጦ ቀርቶ አባቱ በዱላ ቆፍሮ ነው ያወጣው። ነሐሴ ላይ ማሳው አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። መስከረም ሲጠባ የማሳው ዳር በአደይ ቢጫ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ መረሬው ያቆረውን እርጥበት ተማምነው ጎን ባለው ማሳ ላይ ሽምብራ ይዘራሉ። ይህ ለእኔም አዲስ ትምህርት ነበር፤ ከተማ ተወልጄ ስላደግሁ ያለ ዝናብ የሚዘራ እህል መኖሩን የተረዳሁት ልጄን ይዤ ማሳ ዳር ስቆም ነው። ጥቅምት ላይ ጤፉ ዘለላው ከብዶት ይተኛል፤ ከኅዳር ጀምሮ አጨዳ ነው። ታኅሣሥ ላይ በውድማው በሬዎች ሲያበራዩ ሁለቱም ልጆቼ ከግራሩ ሥር አልነሣ አሉኝ። በዚያው ሰሞን የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ታክሲ ተራው ላይ ይሸጣል፤ ልጄ «ይኼ የእኛ ሽምብራ ነው» ብላ ለሻጯ ሴትዮ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም አንድ እስር መርቀው ሰጧት።

የካቲት ላይ መሬቱ ይሰነጠቃል። ልጄ የዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ስንጥቁ እየሰደደች ጥልቀቱን በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ መጋቢት ላይ እስከ ክርኗ ይገባል። ከዚያ የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ያካፋል፤ ያን ጊዜ ያለው የአፈር ሽታ ሕፃናቱን በረንዳ ላይ ያስሮጣቸዋል። ሥዕሎቹን ሁሉ ኮሪደራችን ግድግዳ ላይ በተርታ ለጥፈናቸዋል። ይህ ሁሉ በወር የሁለት ሰዓት መንገድ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ብዙ ወላጆች ጊዜ የለንም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም በሥራ ቀን ከኮዬ ፈጬ ወደ መሐል ከተማ ለመሄድና ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት የአውቶቡስ ሰልፍና መንገድ ይወስድብኛል። ጊዜ ያጣ ወላጅ ግን የበቆሎ እሸቷን ምድጃ ባለፈ ቁጥር ለልጁ «አየህ፣ ክረምት ነው» ማለት ይችላል።

በዓላቱም በዚህ ውስጥ ሲታዩ ነው ትርጉማቸው ለሕፃን የሚገባው። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን ተረት ልጄ በቃሏ ትላለች፤ ትርጉሙን ያወቀችው ግን ዘንድሮ ነሐሴ 13 ከሰዓት በኋላ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ሙልሙሉን በዘረጋንበት ጠረጴዛ ላይ ስታርፍ ነው። ሊጡን ከዋዜማው እናቴ አቡክታልን፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገርነው፤ ልጆቼ ለሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች በቁጥር አሰናድተው ጠበቁ። ሦስት ቡድን መጣልን። ወደ ላይኛው ፎቅ የወጡት ልጆች ግን ብዙ በር እንዳልተከፈተላቸው ሲወርዱ ነገሩን፤ ከአንዱ ብሎክ ደግሞ ጥበቃው ከደጅ እንደመለሳቸው ሰማን። ሌባ መፍራት እንዳለ አይጠፋኝም። ቢሆንም የሚጨፍሩት ልጆች የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው፤ መስከረም 1 ደግሞ ሴቶች ልጆች እንግጫና አደይ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። ያን ቀን በሩ ቢከፈትላቸው ደስ ይለኛል። በዚያው መሐል ጳጉሜን አለች፤ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን። በሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን 3፣ ዝናብ ከዘነበ ልጆቼን ከብሎኩ ፊት ለፊት በዝናቡ ውስጥ እለቃቸዋለሁ፤ እናቴም እኔን እንዲሁ ታደርገኝ ነበር።

ከጎረቤታችን ቤት የተማርነውም አለ። ጎረቤቴ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ለልጆቼ ሳምቡሳ ትልካለች። ልጄ «ረመዳን የየትኛው ወቅት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ጎረቤቴ አስቀምጣ በጨረቃ የሚቆጠረው ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ እንደሚመጣ፣ በ33 ዓመት ገደማም ወቅቶቹን ሁሉ እንደሚዞር አስረዳቻት። አሁን ልጄ ረመዳን ክረምት ላይ የሚደርስበትን ጊዜ እየጠበቀች ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቼን ላቅርብ። የአጸደ ሕፃናት ባለቤቶችና መምህራን የበረዶውን ሰው ከግድግዳ አውርዱ አልላችሁም፤ የሌላ አገር ወቅት መሆኑን ነግራችሁ በሌላ ቀን አስተምሩት። በአራቱ ሣጥኖች ውስጥ ግን ቦት ጫማና የበቆሎ እሸት፣ አደይና የተኛ ጤፍ፣ የተሰነጠቀ መረሬና የሽምብራ እሸት፣ የበልግ ዝናብ ይግቡ፤ ስማቸውም ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ ይሁን። ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ከወላጅ ለኪራይ ልብስና ለፎቶ ገንዘብ ከመሰብሰብ ይልቅ፣ ልጆቹን በግቢው አጥር ሥር ይዞ ወጥቶ አደይዋን ከእንቡጥ ጀምሮ ማሳየት ይሻላል። አምና የእኔ ልጅ በተከራየነው ቀሚስ ፕላስቲክ አበባ ይዛ ተነሥታለች፤ እውነተኛው አበባ ከአጥሩ ማዶ ነበር። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም በየግቢያችን ዳር ያለውን ሣር እስከ መስቀል ድረስ ሳያሳጭዱ ቢያቆዩልን፣ አደይዋ ራሷ ታበቅላለች።

ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ። በየወሩ መጀመሪያ እትማችሁ ላይ ለሕፃናት አንዲት ትንሽ ቦታ ስጡልን። በዚያ ወር በሰማይ፣ በማሳና በገበያ ምን እንደሚታይ በቀላል አማርኛ ቢጻፍበት፣ ወላጅ ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል። ለመነሻ እንዲሆናችሁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የልጄን ወረቀት ቅጂ ልኬላችኋለሁ። ከበረዶው ሰው አጠገብ፣ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ፣ ጭቃ የነካው ጥንድ ቦት ጫማና በረንዳችን ላይ የቀረችውን ብርጭቆ ሥላበታለች። ከብርጭቆዋ ሥር፣ ነጠብጣብ ሳይኖር፣ በራሷ እጅ «ክረምት» ብላ ጽፋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
ኮዬ ፈጬ