ፒያኖውን ፈታሁት

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መልስ ሳልጽፍ የቀረሁት እኔው ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርብህም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የእናቴ ፒያኖ ነው። ያ መሃል ላይ ያለው፣ ከተጫንከው በኋላ አልነሳ እያለህ በጣትህ እየደገፍክ የምታነሳው ሰነፍ ቁልፍ ትዝ ይልሃል?

ባለፈው ወር ፒያኖውን ፈታሁት። 88ቱንም ቁልፎች ቁጥር ጽፌባቸው አወጣሁ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይቀበልምና። ሰነፉ ያረጀ መስሎኝ ነበር። ለካ ቁልፉ ሚስማር ላይ የሚቆምበትን ቀዳዳ የሸፈነችው የሱፍ ጨርቅ እርጥበት ስባ አብጣ ሚስማሩን አንቃው ኖሯል! ጨርቋን ጫን ጫን አደረግኳት፣ ተነሳ። የእውነት ያረጁት ጎረቤቶቹ ናቸው። የሚቆሙበት ሚስማር ቀዳዳቸውን በልቶት ወደ ጎን ይወላገዱ ነበር። ስስ እንጨት ለጥፌ በጥቂት በጥቂቱ እየሞረድኩ እንደገና ልካቸውን አስያዝኳቸው።

ሽቦውን ከሚመቱት መዶሻዎች አንዱ ግን አሳፈረኝ። እጀታው ድሮ ተሰብሮ እኔው በነጭ ኮላ ለጥፌው ነበር። ያ ኮላ አንዴ ከደረቀ እንጨቱን ሳይጎዳ አይለቅም፤ ቆርጬ በመሰርሰሪያ ማውጣት ግድ ሆነ። አሁን ከቆዳ የሚቀቀለውን ኮላ ነው የተጠቀምኩት። በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል፤ ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው አይረግመኝም።

ፒያኖው ቅኝት አልይዝ ያለው በሌላ ምክንያት ነው። ወደ 230 የሚጠጉት ሽቦዎች በድምሩ ከ15 ቶን በላይ ይጎትታሉ፤ ያንን ሁሉ የሚቋቋሙት መቃኛ ሚስማሮች ደግሞ የተተከሉት በእንጨት ውስጥ ነው። እንጨቱ ደርቆ ቀዳዳው ሲሰፋ ሚስማሩ ስኒ ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ይዞራል። ጤነኛው ሚስማር በመፍቻ ሲያጠብቁት ይታገላል፣ ከዚያ በዝግታ እሺ ይላል፤ ልዩነቱን እጅህ ወዲያው ያውቀዋል። አሥራ ሁለቱን አውጥቼ በትንሹ በሚወፍሩ ተካኋቸው። የሽቦዎቹን ድምፅ የሚያጎላው የድምፅ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ አልነካሁትም፤ እስካልተንቀጫቀጨ ድረስ ይተኛ።

የመሃሉን «ላ» 440 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሴኮንድ 440 ንዝረት ላይ ከቃኘሁት ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ አልተነቃነቀም።

ና እንጂ። ሰነፉ ቁልፍ አሁን ራሱ ይነሳል፤ ጣትህ ግን ከልማዷ ሄዳ ልታነሳው መሞከሯ አይቀርም።

ወንድምህ