ሚሚ ከመምጣቷ በፊት

እህትዓለም፣

ለጋሼ ሙት ዓመት አልደወልኩልሽም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐፍረቱ ራሱ ስልኩን አከበደብኝ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትወቅሺኛለሽ፤ ወቀሳ መቼም አንቺን አይቸግርሽም።

አሁን የጻፍኩልሽ በልጅሽ በሚሚ ምክንያት ነው። ለእንቁጣጣሽ ከውጭ ብቻዋን እንደምትመጣ እማማ ነገሩኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ፈራ። በመንገድ የማታውቀው ሰው በደግነት የሚላትን ክፉ አድርጋ እንዳትወስደው፣ እሷም በቅንነት በምትናገረው ሰው እንዳይቀየማት ነው ፍርሃቴ።

አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን የቤት አማርኛ ነው። ከአንቺና ከአባቷ የሰማችውን «ነይ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «እንኪ» ትመልሳለች። ትልቅ ሰው በአንቱታ ሲጠራ ሳትሰማ አድጋ «ይቀመጡ»ን ከየት ታምጣው? ታክሲ ውስጥ ተነስታ አንዲትን አሮጊት «ቁጭ በይ» ብትላቸው ወንበር መልቀቋ ተረስቶ «ቁጭ በይ» ማለቷ ብቻ ይቀራል። ሰዋስው ልታስተምሪያት አትድከሚ፤ ቃሉን አስይዣት። «ይቀመጡ፣ ይግቡ፣ ይለፉ፣ ይውሰዱ፣ ልያዝልዎት፣ ልርዳዎት፣ ደህና ዋሉ?» ለመንገድ እነዚህ 7ቱ ይበቃሉ። እሑድ እሑድ ከእማማ ጋር በስልክ ስታወራ 10 ደቂቃ በአንቱታ ብቻ ትለማመድ። እማማ «አንቺ በይኝ» ማለታቸው አይቀርም፤ አንቺ እሺ እንዳትይ።

መጠሪያው ከግሱ ይብሳል። «እማማ» 70 ላለፋቸው ምርቃት ያስገኛል። 50 ላይ ያለች፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቢሮ የምትገባ ሴት ግን «አሮጊት አደረገችኝ» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሚሚ ዕድሜውን ከተጠራጠረች መጠሪያውን ትተወው፤ «ይቅርታ፣ ይህን ሰፈር ያውቁታል?» ካለች ግሱ ብቻውን አክብሮላታል። የ25 ዓመት ባለሱቅን ደግሞ አንቱ እንዳትል፤ አራቀችኝ ብላ ትከፋለች።

ሌሎች የሚሏት ደግሞ አለ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ክረምት ላይ አንዳንዱ ድንጋይ ይነቃቀልና ጫማ ይይዛል። ስትደናቀፍ ጉሊት የተቀመጡት ሴትዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ይላሉ። እዚህ ያደጉት እኩዮቿም ይህን ቃል እየተዉት ነው። እሷም አፍራ ሳለች ስትሰማው የጮሁባት ይመስላታል። ውድቀትሽ ለእኔ ይሁን ማለታቸው እንደሆነ ንገሪያት። «ምንም አልሆንኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትለፍ።

«እደጊ» ሲሏትም ልጅ ነሽ ማለታቸው አይደለም፤ መመረቃቸው ነው። መልሱ «አሜን» ነው። «አመሰግናለሁ» ብትል ማንም አይቆጣም፣ ነገር ግን መራቂው አሜንን ይጠብቃል። ምርቃቱ ከረዘመ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር አንገቷን ዝቅ አድርጋ አሜን ትበል። ስታስነጥስ «ይማርሽ» ካሏት «ያኑርዎት» ትላለች።

«የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» የሚሏትም አይጠፉም። በእማማ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን የሚጠይቀው የሚያውቀው ዘመድ ቢገኝ ብሎ ነው። ወጣቱ ግን በእነዚህ ዓመታት ካየው የተነሳ ዘሬን ሊያጣራ ነው ብሎ ይሸሻል፤ አልፈርድበትም። ሚሚ የእማማን ስምና ሰፈር ከተናገረች ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገውን አግኝቷል። ከዚያ በላይ ካጠበቀ ዝም ትበል።

አሁን የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፈው ጨነቀኝ። ያን ሌሊት ስለ መብሏ የነገርሽኝን አልረሳሁም። እዚህ «ወፍረሻል» የማይላት የለም፤ ቡና የምታፈላዋ እንኳ ትላታለች። ለትልልቆቹ ሥጋ መጨመር ከሕመምና ከችግር መራቅ ነው፤ እነሱን የሚያስደነግጣቸው «ምነው ከሳሽ?» የሚባለው ነው። ሚሚ ግን ይህን ሁሉ በዚያ ሰዓት አታስብም፤ ማታ ራት ይቀርባል፣ እሷ ሳህኑን ትገፋለች። እማማንና ጎረቤቶቹን እኔ ቀስ ብዬ አስጠነቅቃለሁ፤ ምክንያቱን አልናገርም። መንገደኛውን ግን ላስጠነቅቅ አልችልም። ስለዚህ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት አንቺው በአፍሽ ንገሪያት፤ ከማያውቁት ሰው መጀመሪያ እንዳትሰማው። «ተመችቶኝ ነው» የምትለውን መልስም አብረሽ ስጫት። ይከብድሽ እንደሆነ እኔ ልደውልላት? እንዴት እንደምጀምር ግን አንቺ ንገሪኝ፤ ያንቺን ያህል አላውቃትም።

ቦሌ የምትደርስበትን ሰዓት ላኪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እኔ እቀበላታለሁ። የእማማ መድኃኒት ሊያልቅ ነው፣ የዓይኑን ጠብታ ከእሷ ጋር ላኪላቸው።

ያንቺው