ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ደህና ነው? የመጠፋፋታችንን ነገር ቡና ላይ እንወቃቀስበታለን፤ አሁን ብዕር ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ጎተራው ሥር ሁለት ክረምት ያለፈውን የውሃ ሞተር አልነሳ ስላለህ ለቆራሌው ልትሰጠው እንደሆነ ሰማሁ። ኧረ ተው እባክህ! ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር በመቀመጥ ብቻ አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ውስጡ የቀረው ቤንዚን ነው፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉት ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን (ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል) ቀዳዳ ይደፍናል።

ገመዱን ከመሳብህ በፊት በፓምፑ አናት በኩል ውሃ ሞልተህ አሳድረው። በሞተሩና በፓምፑ መሀል ያለው «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ዕቃ) ደርቆ ስለሚጣበቅ፣ በደረቁ ከመነጨቅከው ይላጥና ውሃ በዘንጉ በኩል መንጠባጠብ ይጀምራል። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ በማግስቱ ገመዱን ቀስ ብለህ ሳብ። ጭራሽ አልዞር ካለ አታስገድደው፤ የፓምፑን ፊት ክፈትና ደለሉንና ዝገቱን ጥረግ። የገመዱን ሽፋንም አንሳው፣ አይጥ እዚያ ጎጆ መሥራት ትወዳለች።

ዘይቱን ደፍተህ 0.6 ሊትር ያህል አዲስ ጨምር። ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ይቀመጥ። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ የካንዴላውን እሳት የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ስንቱ ይህን ሳያይ ደህናውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ቀይሯል! ካንዴላውን አጽዳ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቆቡ ላይ ሰክተህ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝ፣ ማብሪያውን ክፈትና ገመዱን ሳብ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ እሳት አለው። ይህን ስታደርግ ከቤንዚኑም ከካንዴላው ቀዳዳም ራቅ በል።

አሮጌውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቅዳው። ወደ ቦዩ እንዳትደፋው ብቻ! አዲሱን በነጭ የሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ቀድተህ ብርሃን ላይ እየው፤ ውሃ ካለበት ከሥሩ ተለይቶ ይቀመጣል።

ዋናው ሥራ ካርቡራተሩ ነው። የነዳጁን መዝጊያ ዝጋ፣ ከሥር ያለችውን ቦሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍታ፣ ጽዋው ይወርዳል። ውስጡ ቡናማ ቅባት ወይም ነጭ ዱቄት ታገኛለህ። መሀሉ ላይ ያለችውን የናስ ቀዳዳ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈትተህ ወደ ፀሐይ አንሳት፤ ብርሃኑ ክብ ሆኖ ካልታየህ ተደፍናለች። በመርፌ እንዳትወጋት! ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ሞተሩ ነዳጅ ይበላል። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋትና ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አሳልፈህ ንፋባት። ሞተሩ በቾክ (ለማስነሳት አየሩን በሚቀንሰው መዝጊያ) ተነስቶ ቾኩን ስትከፍት ከጠፋ ይህችው ቀዳዳ ገና አልጠራችም ማለት ነው። ቤንዚን ከፈሰሰ ደግሞ የጋላጃንቴው (ጽዋው ውስጥ የሚንሳፈፈው) መርፌ ተጣብቋል፤ ጽዋውን በካቻቢቴው እጀታ ኳ ኳ አድርገው።

ከዚያ ደጅ አውጥተህ፣ ነዳጁን ከፍተህ፣ ቾኩን ዘግተህ ሳብ። ጥቂት ስበህ እምቢ ሲል ካንዴላውን እየው፤ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም፣ ከራሰ በዝቶበታል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚያ አንድ አምስተኛው ገደማ ይቀነስበታል። ስለዚህ እንደ ቆላው አልጎተተም ብለህ አትማረርበት።

ተነስቶ ውሃ ካልመጣ ጥፋቱን ሞተሩ ላይ አትፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ቱቦው አየር እየሳበ ነው። ፀሐይ የሰነጠቀውን ቁረጥ፣ መጋጠሚያውን በከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ጠቅልለህ በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) አጥብቀው። ፓምፑ ከቦርከና ውሃ በላይ ከ5 ሜትር አይራቅ። ማጣሪያውን ከአሸዋው ከፍ አድርገህ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አጥልቀው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ አጥፋው፤ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ ይፈላና ሲሉን ያቃጥለዋል።

ሽንኩርቱ አልቆ ስታስቀምጠው የነዳጁን መዝጊያ ዘግተህ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ፣ ታንከሩንና የፓምፑን ውሃም አፍስስ።

አብሽር፣ ይነሳል። ካንዴላ ልትገዛ ደሴ ስትመጣ አሮጌውን ይዘኸው ና፣ በጥርሱና በቁመቱ አመሳስለን እንወስዳለን። እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ