ሞተር ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ማቀዝቀዣ፦ በአደን ውሾች ማጓጓዣ ሣጥን ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለውሻ ማጓጓዣ ሣጥን አምራች ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ጉድለት ላለበት ባለ ማራገቢያ ሣጥን የከፈልሁት ገንዘብ እንዲመለስልኝና ለሌሎች ገዢዎች ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ስለመጠየቅ

ከእናንተ የገዛሁት በፒክአፕ መኪና ጭነት ቦታ ላይ የሚታሰር፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። የደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ማስታወቂያችሁ «ለሞቃት ወቅት የተሠራ» ይላል። ከተራው ሣጥን እጅግ የናረውን ዋጋ የከፈልሁት ለዚህች ሐረግ ስል ነው፤ ማራገቢያው፣ የሙቀት ዳሳሹና ጋቢና ውስጥ የሚለጠፈው የማንቂያ ሰሌዳ የዋጋው ምክንያት እንደሆኑም ሻጫችሁ በአንደበቱ ነግሮኛል።

የደረሰው እንዲህ ነው። ከአደን መልስ ሁለቱን ውሾቼን ውኃ አጠጥቼ፣ ማለክለካቸው እስኪረጋ ጥላ ሥር አሳርፌ ጫንኋቸው። በመንገድ ላይ ሰሌዳው 27 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ነዳጅ ማደያ ስደርስ ወረፋ ጠበቀኝ፤ ሞተር አጠፋሁ። ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ሞተር ማጥፋት ግዴታ መሆኑን ለመኪና ዕቃ አምራች ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ቀድቼና ከፍዬ ስመለስ ከሣጥኑ የሚሰማ የማራገቢያ ድምፅ አልነበረም። በሩን ስከፍት ከውስጥ የወጣው አየር እንደ ድስት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ትልቋ ውሻ በኃይል ታለከልካለች። ወጣቱ ግን ምላሱ ጫፉ ላይ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል፣ ድዱ ደም መስሏል፣ ለሃጩ ወፍሮ እንደ ገመድ ይጎተታል። ሳወርደው የኋላ እግሮቹ አልያዙትም። ቴርሞሜትር በፊንጢጣው ሳስገባ 41.3 ዲግሪ አነበብሁ።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 በላይ ሲሆን የውስጥ አካላት መጎዳት ይጀምራሉ። በማደያው ቧንቧ ከአንገቱ እስከ ጭራው ቀዝቃዛ ውኃ አወረድሁበት፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አቆምሁት፣ ሙቀቱ 39.5 አካባቢ ሲደርስ ውኃውን አቁሜ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ድኗል። ወደ ሐኪሙ ለመሄድ ቁልፉን ስጠመዝዝ ግን የማንቂያ ሰሌዳችሁ ነቅቶ መጮህ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቤት ስደርስ ሽቦውን ተከትዬ አየሁት። ማራገቢያውም፣ ዳሳሹም፣ ሰሌዳውም ኃይል የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው፤ እሱም የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ ይቋረጣል። እንግዲህ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ በቀዳዳዎቹ ስለሚገባ ማራገቢያው ብዙም በማያስፈልግበት ሰዓት ይሠራል፤ መኪናው ቆሞ ነፋስ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። አደጋውን የሚያሳውቀው ደወል ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይታወራል። ይህ ብልሽት አይደለም። ብልሽት ቢሆን ኖሮ ጠግኑልኝ ብዬ በጻፍሁ ነበር። አሠራሩ ራሱ ነው የተሳሳተው።

ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልብም። ከእግሩ መዳፍ የምትወጣው ጥቂት ላብ ለቁጥር የምትገባ አይደለችም፤ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለኩ ነው፤ ከምላሱና ከመተንፈሻ ቧንቧው የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ትነቱ እንዲኖር ግን የሚተነፍሰው አየር ደረቅ መሆን አለበት። ሁለት ውሾች በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲያለከልኩ አየሩን በራሳቸው ትንፋሽ ያረጥቡታል፤ ካረጠቡት በኋላ ደግሞ ማለክለኩ የጡንቻ ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀርና ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የማራገቢያ ሥራ ለሰው እንደሚደረገው ነፋስ ማልበስ ሳይሆን የረጠበውን አየር ማስወጣት ነው። የእናንተ ማራገቢያ ከታች አየር ያስገባል፤ መውጫው በዚያው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ከፍታ ተቀምጧል። ሞቃት አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ ማን ያጣዋል? ጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ የለችም፤ የውሻው ራስ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

የቀዳዳዎቹን ስፋት በማስመሪያ ለካሁ። በአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ደንብ መሠረት ለማጓጓዣ የሚውል የውሻ ሣጥን መተንፈሻው በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ቢያንስ የግድግዳውን 16 በመቶ መሸፈን አለበት። ደንቡ እናንተን ይመለከታል አልልም፤ ግን መለኪያ ለሚፈልግ ሰው መለኪያ ነው። የእናንተ ሣጥን ቀዳዳ ያለው በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የግድግዳውን 6 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ዳሳሹን በተመለከተ፣ የተተከለው አየር በሚገባበት ቀዳዳ አፍ ላይ ነው። የሚለካው ውሻው የሚተነፍሰውን ሳይሆን ከውጭ የሚመጣውን አየር ነው። በሌላ ቀን ባዶውን ሣጥን ይዤ እየነዳሁ፣ ሰሌዳው 27 ሲል በውሻ ራስ ከፍታ ያሰርሁት ተራ ቴርሞሜትር 36 ደርሶ ነበር። ወለሉ ደግሞ ከመኪናው የጭስ ማውጫ ቧንቧ በላይ ተቀምጦ ምንም የሙቀት መከላከያ አልተነጠፈበትም። ስለ ጥቁሩ ቀለም ብዙ አልልም።

ለመጀመሪያ ቅሬታዬ የላካችሁልኝ መልስ መሣሪያው «በታቀደለት መሠረት ሠርቷል» ካለ በኋላ ማለዳ እንድጓዝ፣ በረዶ እንዳስቀምጥና በቆምሁ ጊዜ በሩን ገርበብ እንዳደርግ ይመክራል። ማልዶ መነሣትን ለአዳኝ የሚያስተምር ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። በሩን ገርበብ ስለማድረግ ግን በቁም ነገር ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቆሙ መኪናዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ የመኪና ውስጥ ሙቀት በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር፣ ከጭማሪው 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሆነ፣ መስኮት በጥቂቱ መክፈትም ይህን ያን ያህል እንደማይለውጠው አሳይቷል። ሣጥናችሁ እንደ መኪና ሰፊ መስታወት እንደሌለው አውቃለሁ። በምትኩ ጠባብ ነው፣ ብረት ነው፣ ውስጡም ከአደን የተመለሱ፣ ጡንቻቸው ገና ያልበረደ ሁለት እንስሳት አሉበት።

ከሣጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ ደግሞ ውሻው በሙቀት ከተመታ «ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ፤ በእርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱ» ይላል። ይህ ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው። የዛሬው የእንስሳት ሕክምና ምክር መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ የሚል ሲሆን፣ ለወጣትና ጤነኛ ውሻ ቀዝቃዛ ውኃ ፈጣኑ መንገድ ነው። የተሸፈነ እርጥብ ፎጣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የእናንተን ገጽ አምኜ ፎጣ ጠቅልዬበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

የምጠይቀው የሣጥኑ ዋጋ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝና የሕክምናው ወጪ እንዲሸፈን ነው፤ የሐኪሙ ደረሰኝም ተያይዟል። ምትክ ሣጥን አልቀበልም፤ ምትኩም ያው ሽቦ ነው ያለው። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ይህንኑ ሣጥን የገዙ ሌሎች ሰዎች ናቸው። የገዢዎቻችሁ ስም ዝርዝር የዋስትና ምዝገባው ውስጥ አለ፤ ማራገቢያውና ደወሉ ሞተር ሲጠፋ እንደሚቆሙ በግልጽ ጻፉላቸው፤ የመመሪያውንም ገጽ አርሙ። ወደፊት ለምትሠሩት፣ ማራገቢያውና ደወሉ የራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፣ ዳሳሹ ከመግቢያው ርቆ በውሻው ራስ ከፍታ ይተከል፣ መውጫው ወደ ጣሪያው ይጠጋ። ይህን ለማድረግ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም።

መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ካልደረሰኝ ጉዳዩን የሸማቾችን መብት ለሚያስከብረው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። ሣጥኑ ከመኪናው ተፈትቶ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ የመመለሻውን ማጓጓዣ ከፍላችሁ ሰው ላኩና አስወስዱት።

ከሰላምታ ጋር
የሣጥኑ ገዢና የውሾቹ ባለቤት