ጽዮናዊነትን መቃወም አይሁድን መጥላት ነው? ለአባቴ የተጻፈ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። «ጽዮናዊነትን የሚቃወም ሁሉ የአይሁድ ጠላት ነው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልዎ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ጽዮናዊነት ማለት አይሁድ በጥንት አገራቸው የራሳቸው መንግሥት ይኑራቸው የሚል እንቅስቃሴ ነው።

መቃወም በራሱ ጥላቻ አይደለም። ጥላቻ ሲሆን ግን በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሁለቱን ለመለየት ከመነሻው ብንጀምር ይሻላል፤ የጽዮናዊነት የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች አይሁድ ራሳቸው ነበሩና።

የእንቅስቃሴው መሪ ቴዎዶር ሄርዝል በ1897 የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ሙኒክ ላይ ሊጠራ አስቦ ነበር። የከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ ስለተቃወመው ወደ ስዊዘርላንዷ ባዝል አዞረው። ጀርመናዊ ዜግነታቸውን በስንት ትግል ያስከበሩ ሰዎች «የእናንተ አገር ሌላ ነው» መባልን ፈሩ። በዚያው ዓመት ቪልና ላይ ቡንድ የተባለው የአይሁድ ሠራተኞች ድርጅት ተቋቋመ፤ መብታችንን እዚሁ በተወለድንበት እናስከብራለን ባይ ነበር። ከሃይማኖተኞቹም ብዙዎቹ መንግሥቱን የሚመልሰው መሲሑ እንጂ የሰው ፖለቲካ አይደለም አሉ። ኒው ዮርክ ያሉት ጥብቅ ሃይማኖተኞቹ የሳትማር ሐሲዶች ዛሬም አቋማቸው ይኸው ነው። በ1917 እንግሊዝ በፍልስጤም ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ መቋቋሙን እንደምትደግፍ የተናገረችበት የባልፎር መግለጫ ሲረቀቅ አጥብቆ የተቃወመው የእንግሊዝ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉ አይሁዳዊ ነበር። መግለጫውን የፈረመው ባልፎር ደግሞ በ1905 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ እንግሊዝ እንዳይገቡ የሚገድብ ሕግ ያስወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ጽዮናዊነትን መደገፍም ለብቻው የአይሁድ ወዳጅነት ማስረጃ አይሆንም።

ሚዛኑን የለወጠው ሆሎኮስት፣ ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙት እልቂት ነው። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ሲገደሉ «እዚሁ በተወለድንበት» ይሉ የነበሩት ቡንዶች አብዛኞቹ ከነማኅበረሰባቸው አለቁ። አገሮች በራቸውን ዘግተው እንደነበረም አልተረሳም። ዛሬ ብዙ አይሁድ እስራኤልን እንደ መጨረሻ መጠጊያ የሚያዩት፣ ሕልውናዋ ሲነካም በራሳቸው ላይ የተነሡ ያህል የሚሰማቸው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እስራኤል በተመሠረተችበት ጦርነት፣ በ1948፣ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። የእነሱ ተቃውሞ ከጠፋ ቤትና መሬት የመጣ ስለሆነ ለመረዳት የአይሁድ ጥላቻን መፈለግ አያስፈልግም። ይህን ሳያዩ ፍልስጤማዊውን ሁሉ «ፀረ-ሴማዊ» (አይሁድን የሚጠላ) ማለት ትልቅ በደል ነው።

ነገሩ የሚበላሸው «ጽዮናዊ» የሚለው ስም ለ«አይሁድ» መሸፈኛ ሲሆን ነው። በ1952 ፕራግ ላይ ሩዶልፍ ስላንስኪና 13 ባልደረቦቹ የጽዮናውያን ሴራ አካል ናችሁ ተብለው ተከሰሱ። ከ14ቱ 11ዱ የአይሁድ ዘር ያላቸው ሲሆኑ 11 ሰዎች ተሰቀሉ። ስላንስኪ እኮ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረ፣ ከጽዮናዊነት ጋር ምንም የማያገናኘው ሰው ነው! በ1968 ደግሞ የፖላንድ መንግሥት «ጽዮናውያንን እናጋልጥ» ብሎ በከፈተው ዘመቻ ቢያንስ 13 ሺህ አይሁድ አገር ለቀው ወጡ። ሐማስም በ1988 ባወጣው ቻርተር አንቀጽ 32 ላይ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል»ን እንደ ማስረጃ ጠቅሷል። ያ ጽሑፍ በ1903 ሩሲያ ውስጥ የታተመ የሐሰት ሰነድ ነው፤ ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን የለንደኑ ታይምስ በ1921 አጋልጧል። በቴሌግራም ከሚመጣልዎ «ዓለምን በስውር የሚመሩት» የሚለው ድምፅ ብዙው የዚያ ሰነድ ልጅ ነው።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስዎ «ጽዮናውያን» ያለውን አውጥተው በቦታው «የእስራኤል መንግሥት» ብለው ያንብቡት። «የእስራኤል መንግሥት በዌስት ባንክ ሰፈራ ያስፋፋል» ስሜት ይሰጣል፤ ተከራካሪም ማስረጃ ሊያቀርብበት ይችላል። «የእስራኤል መንግሥት ከፈረንሳይ አብዮት ጀምሮ ባንኮችን ይዟል» ግን ስሜት አይሰጥም፤ በ1789 እንዲህ ያለ መንግሥት አልነበረምና። እዚያ ቦታ የሚገጥመው «አይሁድ» የሚለው ብቻ ነው። ቀጥሎ ቁጣው ማን ላይ እንዳረፈ ይዩ። ኤምባሲ ፊት መሰለፍ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ጋዛ ተቆጥቶ ፓሪስ ያለ ምኩራብ ላይ ድንጋይ መወርወር ግን ተቃውሞ ሊባል አይችልም፤ ምእመናኑ የእስራኤል ጦር አዛዦች አይደሉም።

አንዳንዶች «ስለ ሌሎች አገሮች ዝም ብሎ እስራኤልን ብቻ የሚነቅፍ አይሁድን ይጠላል» ይላሉ። ይህን መለኪያ ብዙም አላምነውም። ዘመዱ ጋዛ ያለ ሰው ስለ ምያንማር አልጮኽክም ተብሎ አይወቀስም፤ እኛም ብንሆን የምንጮኸው ስለ አገራችን ነው።

የባለሙያዎቹ ጠብም እዚሁ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት በ2016 ያጸደቀው የፀረ-ሴማዊነት ትርጉም 11 ምሳሌዎች አሉት፤ ሰባቱ እስራኤልን የሚመለከቱ ናቸው። በሌላ አገር ላይ እንደሚሰነዘረው ያለ ነቀፋ ፀረ-ሴማዊነት እንዳልሆነ ይናገራል። ሆኖም «የእስራኤል መንግሥት ሕልውና የዘረኝነት ሥራ ነው» ማለትን በምሳሌነት ያስገባል፤ ፍልስጤማውያኑ የሚቃወሙት ይህን ነው። ረቂቁን በዋናነት የጻፉት ኬኔት ስተርን ራሳቸው ሰነዱ ለመረጃ መሰብሰቢያ የታሰበ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ንግግር መቅጫ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። በ2021 የወጣው የኢየሩሳሌም መግለጫ በ15 ነጥቦቹ የተሻለ ይለያል፦ አይሁድን ሁሉ ለእስራኤል ድርጊት ተጠያቂ ማድረግን ጥላቻ ይለዋል፤ ቦይኮትን (ሸቀጥን ባለመግዛትና ባለመተባበር መቃወምን) እና ጽዮናዊነትን መቃወምን ግን በራሳቸው ጥላቻ አይላቸውም። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ2023 መጨረሻ «ፀረ-ጽዮናዊነት ፀረ-ሴማዊነት ነው» የሚል ውሳኔ 311 ለ14 ሲያሳልፍ 92 አባላት ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ቀርተዋል፤ አይሁዳዊው ጄሪ ናድለር አንዱ ናቸው።

«ከወንዙ እስከ ባሕሩ» (ከዮርዳኖስ እስከ ሜዲትራኒያን) የሚለውን የፍልስጤም ደጋፊዎች መፈክር ጠይቀውኝ ነበር። አንዱ ሲለው እኩል መብት ያለበት አንድ አገር ማለቱ ነው፤ ሌላው አይሁድ ከዚያ ይጥፉ ማለቱ ነው። የእስራኤሉ ሊኩድ ፓርቲም በ1977 መርሐ ግብሩ በባሕሩና በዮርዳኖስ መካከል የእስራኤል ሉዓላዊነት ብቻ ይኖራል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ በመፈክሩ ብቻ አይፍረዱ፤ ባዩ በዚያ ምድር ለሚኖረው ለሌላው ሕዝብ ምን እንዳሰበ ይጠይቁ።

እስራኤል የሚባል መንግሥት ሳይኖርም ጥላቻው እንደነበረ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው በቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና ሲኖሩ፣ ማረሻውን የሠሩለት ጎረቤት «ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆኑ» ይላቸው ነበር።

እነሱ ጽዮናውያን ናቸው ወይ ላሉኝ፦ ሄርዝል ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1862፣ አባ ማሕሪ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሥተው ነበር፤ ብዙዎቹ ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ አለቁ። በ1975 እስራኤል ማንኛውም አይሁዳዊ መጥቶ ዜጋ እንዲሆን የሚያስችለውን የመመለሻ ሕግ ለቤተ እስራኤል ፈቀደች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጽዮናዊነትን ዘረኝነት ብሎ በ72 ለ35 ወሰነ፤ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ውሳኔው በ1991 ተሽሯል። በ1996 ደግሞ፣ እስራኤል ውስጥ ለደም ባንክ የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ ሲሰማ፣ ቤተ እስራኤሎች በሺህዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ በገዛ መንግሥታቸው ላይ ወጡ። ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጠብቁት ዘመዶቻቸውም እስካሁን የሚገቡት በመመለሻው ሕግ ሳይሆን በየጊዜው በሚወጣ የካቢኔ ውሳኔ ነው። ይህን አጥብቀው የሚነቅፉት ደግሞ ጽዮናዊነታቸውን የማይጠራጠሩ ሰዎች ናቸው።

አጠራጣሪ መልእክት ከመጣልዎ ለሌላ ሳያስተላልፉ መጀመሪያ ለእኔ ይላኩልኝ። ለእማማና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ