ትልቁን ትዕዛዝ ከመፈረምህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውል አላነሳሁም። ምን አጠፋሁ ብለህ ሳትጨነቅ አትቀርም። ምንም አላጠፋህም። ለአንድ ወር ብዬ የወሰድኩብህን ገንዘብ መመለስ አቅቶኝ፣ ድምፅህን መስማት አፍሬ ነው። ዛሬ ጠዋት ሙሉውን በሂሳብህ አስገብቻለሁ። ይቅር በለኝ።

ሰሞኑን ለአንድ ትልቅ ድርጅት ጠረጴዛና ወንበር ልትሰራ እንደሆነ ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔን የጣለኝ ልክ እንደዚህ ያለ ትዕዛዝ ነበር።

ያን ዓመት የስፌት ስራዬ አትራፊ ነበር። የሂሳብ ሰራተኛዋ ባሳየችኝ ወረቀት ላይ ትርፉ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በዚያው ሳምንት ደሞዝ ልከፍል ካዝናውን ስከፍት ለሁለት ሰው እንኳ የሚበቃ የለም። ስምንት ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላዬ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጨርቅ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ያልተሰበሰበ የዱቤ ደረሰኝ ተቆልሏል። ገንዘቤ የትም አልሄደም፤ ጨርቅና ወረቀት ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። አንተ ጋ የደወልኩት የዚያን ቀን ነው።

ዕቃ አስረክበህ ደረሰኝ ስትቆርጥ መዝገቡ ላይ ሽያጭ ይሆናል፣ ትርፉም ይታያል። ገንዘቡ እስኪገባ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የብድር ዋናውን ስትመልስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከካዝና ይወጣል፣ ትርፉን ግን አይነካውም።

እስቲ ቀኖቹን ቁጠር። እንጨቱ ገብቶ ወንበር ሆኖ እስኪወጣ 60 ቀን ይፈጃል እንበል። ድርጅቱ ከተረከበ በ45 ቀን ይከፍልሃል። 105 ቀን ሆነ። እንጨት ሻጩ የሚታገስህ ደግሞ 30 ቀን ብቻ ነው። የቀረውን 75 ቀን ስራውን የምትሸከመው አንተ ነህ። ደሞዝና ኪራይማ 75ቱንም ቀን አይጠብቁህም። ትዕዛዙ እጥፍ ሲሆን የሚጎድልህ ገንዘብም እጥፍ ይሆናል። እኔ ይሄ አልገባኝም ነበር። ስራ ሲበዛ ገንዘብም አብሮ የሚበዛ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ቅድመ ክፍያ ጠይቅ። ቢያንስ የእንጨቱን ወጪ ይሸፍን። ቀሪውንም በየርክክቡ ይክፈሉህ፤ መጨረሻ ላይ ባንዴ አይሁን። መጠየቅ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እኔም ደንበኛው ይሸሸኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። በኋላ ደፍሬ ስጠይቅ ግን አብዛኞቹ ያለ ክርክር ተስማሙ። ከደንበኛ የምትቀበለውን ታክስም ለብቻው አስቀምጥ። እጅህ ላይ ቢቆይም ያንተ አይደለም።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ገጹን ለሚመጡት 13 ሳምንታት ከፋፍዬዋለሁ። በየሳምንቱ ስር ያለኝን፣ የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የሚተርፈውን እጽፋለሁ። የሚገባውን የምጽፈው ደንበኛው ቃል በገባበት ቀን አይደለም፤ እንደ ልማዱ ይከፍላል ብዬ በምጠብቅበት ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ሌላ ስራ ሳልነካ አስተካክለዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ጉድለት እንደሚመጣ ቀድሜ አየሁ። ጨርቅ መግዛቱን አዘገየሁ፣ ሁለት ደንበኞች ጋ ቀድሜ ደወልኩ፣ ሳምንቱ ሲደርስ ደሞዙ ተከፈለ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጨት ሻጩ በ10 ቀን ብትከፍለኝ 2 በመቶ እቀንሳለሁ፣ አለዚያ በ30 ቀን ክፈል ካለህ፣ ትንሽ ነው ብለህ እንዳታልፈው። ለ20 ቀን መዘግየት የምታጣው 2 በመቶ በዓመት ሲሰላ ወደ 37 በመቶ ወለድ ይጠጋል። እጅህ ላይ ካለ ቶሎ ክፈል።

የውሉን ረቂቅ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የክፍያውን ክፍል አብረን እንየው። እሁድ ከሰዓት እደውልልሃለሁ። ባታነሳም አልፈርድብህም፤ ማታ ደግሜ እሞክራለሁ።

ያንተው ወንድምህ