ፎቶው ላይ ያለችው ወፍ እየለመነች አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የባሕር ወፎችን ለማየት በጀልባ ስለሚደረገው ጉዞ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እስክሪብቶ ይዤ ነው።

ዘገባውን ያየ ሁሉ ፎቶውን ያስታውሰዋል። ትንሽ ጥቁር ወፍ ናት። ክንፏን ዘርግታ በእግሮቿ ውሃውን ነካ ነካ ታደርጋለች። ከሥሯ ምን ጻፋችሁ? «ከጎብኚዎች ጀልባ ፍርፋሪ የምትለምን የባሕር ወፍ።» ወረድ ብሎ ደግሞ የጀልባ ሠራተኞች ዓሣ እየበተኑ «ወፎቹን ለማኝ አድርገዋቸዋል» ይላል።

ያንን ዓሣ የምበትነው ሰው እኔ ነኝ። 14 ዓመት ሙሉ ከጀልባዋ ኋላ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ይህቺን ቃል ዝም ብዬ ላልፋት አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ወፏ ልናገር። ስለ ራሴ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስሟ የዊልሰን ስቶርም ፔትረል ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ እግሯን እዩት። በጣቶቿ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ቢጫ ነው። ከጥቋቁር ዘመዶቿ ከምትለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። የምትፈለፈለው በአንታርክቲካና በዙሪያው ባሉ ደሴቶች፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥታ ምድር ወገብን አቋርጣ እስከ ሰሜን አትላንቲክ ትዘልቃለች። በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እግሯን ውሃ ላይ የምታንቀሳቅሰው ማንንም ለመለመን አይደለም። ነፋሱ ክንፏን ወደ ላይ ያነሣታል፣ ውሃው ውስጥ የገባው እግሯ ደግሞ እንደ መልሕቅ ይይዛታል። በዚያ መሃል ላዩ ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳትና የስብ ጠብታዎች ትለቅማለች። አመጋገቧ ነው። ጀልባ በሌለበት ባሕርም የምትበላው እንዲሁ ነው። ፔትረል የሚለው ስም ራሱ በውሃ ላይ ከተራመደው ከሐዋርያው ከጴጥሮስ የመጣ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡላት መርከበኞች ስትራመድ አዩዋት እንጂ ስትለምን አላዩዋትም።

አሁን ወደ ባልዲው ልምጣ። እኛ ማባበያ እንለዋለን። የዓሣ ዘይትና የተከተፈ የዓሣ ሆድቃ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ከባሕር ዳርቻው በጣም ርቀን፣ ወለሉ ድንገት ወደ ጥልቅ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ስንደርስ ሞተሩን ቀዝቀዝ እናደርገዋለን። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አፈሳለሁ። ዘይቱ ውሃው ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስታዩ፣ አንድ ነጥብ ዚግዛግ እየሠራ ይመጣል። ሁለት። አምስት። እኔ ይህንን መቼም አልጠግበውም።

የሚመጡት እኛን ለምደው አይደለም፤ በአፍንጫቸው ተመርተው ነው። ፔትረሎችና አልባትሮስ የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች ምንቃራቸው ላይ ቱቦ የመሰለ አፍንጫ አላቸው። ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከዓይን የሚሠወሩትን የባሕር እጽዋት ሲግጡ ዲሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋብሪየል ኔቪት የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንዶቹ ፔትረሎች ይህንን ሽታ እየተከተሉ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ለነዚህ ወፎች ሽታ ማለት ገበታው የት እንደተዘረጋ የሚናገር ካርታ ነው። የኔ ዘይትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወፏ ትመጣለች፣ ትቃኛለች፣ ያገኘችውን ትለቅማለች፣ ትሄዳለች። ልምድ ድግግሞሽ ይፈልጋል። በወር ሁለቴ፣ ያውም በየጊዜው ሌላ ቦታ በሚፈስ አንድ ባልዲ ዘይት የሚለምድ ወፍ የለም። በአካባቢው የዓሣ መርከብ ካለ ደግሞ እኛን ጥለው ወደዚያ ነው የሚነጉዱት። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሆድቃና ጭንቅላት ወደ ባሕር ይጣላል። ስለ ፍርፋሪ መጻፍ ካስፈለገ መጻፍ ያለበት ስለዚያ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኔ ቅሬታ የሚጀምረው።

ዘጋቢያችሁ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል አውርተናል። ጨዋ ልጅ ነው፣ በትዕግሥት አዳመጠኝ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ለሰው ብዙም የማላወራውን ነገር ነገርኩት። ጎብኚ ማመላለስ ከመጀመሬ በፊት ለስድስት ዓመት በረጅም ገመድ ዓሣ በሚያጠምድ ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ። ይህ ገመድ ሲዘረጋ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሺዎች መንጠቆዎች ይንጠለጠሉበታል፤ በያንዳንዱ ላይ ምግብ አለ። ገመዱ እስኪሰጥም ድረስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው አልባትሮሱ ከላይ አይቶ የሚወርደው። ይውጣል፣ መንጠቆው ይይዘዋል፣ ከገመዱ ጋር ይሰጥማል። ወፉ የሚሞተው ታፍኖ ነው።

ገመዱን ስንስብ መንጠቆውን ከምንቃራቸው የማላቅቀው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ይሆናል። ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። ወደ ባሕር መልሰን ወረወርነው። ማንም አልመዘገበው፣ ማንም አልጠየቀን። ከዚያ በኋላ ስንቱን እንዳላቀቅኩ አላውቅም። አለመቁጠሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ሁሉ ዘገባው ውስጥ የለም። «መንጠቆ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ቆጥሬዋለሁ። «ፍርፋሪ» ግን አምስት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በዓለም ላይ በረጅም ገመድ ዓሣ ማጥመድ ብቻ በዓመት ቢያንስ 160,000 የባሕር ወፎች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከ22ቱ የአልባትሮስ ዝርያዎች አብዛኞቹ የመጥፋት አደጋ አለባቸው። ታዲያ ስለ ባሕር ወፎች ጉዳት የሚጽፍ ሰው ይህንን ትቶ በባልዲ ላይ እንዴት ገጽ ይሞላል? መልስ ስለምፈልግ ነው የምጠይቀው።

የሚያናድደኝ ደግሞ መድኃኒቱ መታወቁ ነው። ውድም አይደለም። ገመዱን በሌሊት መዘርጋት። ቶሎ እንዲሰጥም ክብደት ማሰር። ከጀልባዋ ኋላ ደማቅ ጥብጣቦች የተንጠለጠሉበት ማስፈራሪያ ገመድ መጎተት። ይህኛውን መጀመሪያ የፈጠሩት ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ እስከ ዛሬ «ቶሪ» የሚባለውም በጃፓንኛ ወፍ ከሚለው ቃል ነው። አልባትሮስ ታስክ ፎርስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 በደቡብ አፍሪካ ሥራ ሲጀምር ባለሙያዎቹ ቢሮ አልተቀመጡም። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር አብረው ባሕር ወጡ። በአገሪቱ መረብ ጎታች መርከቦች ላይ የአልባትሮስ ሞት በ99 በመቶ ቀነሰ። ይህንንም ለዘጋቢያችሁ ነግሬዋለሁ። የኛ ካፒቴን በዓሣ ወቅት ራሱ ዓሣ አጥማጅ መሆኑንና ማስፈራሪያውን ማንም ሳያስገድደው ጀልባው ላይ እንደሰቀለም ነግሬዋለሁ። ለምን ሰቀልክ ብትሉት፣ ጎብኚ ይዞ ሲወጣ ወፎቹን በስማቸው ስላወቃቸው ነው። ዓሣ አጥማጆች በዘገባው ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኙም።

ሁለተኛው ነገር። ጎብኚዎቹ «ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው» ናቸው፣ ጉዞው ለሳይንስ «የሚያበረክተው ነገር የለም» ተብሏል።

የኒውዚላንድን ስቶርም ፔትረል ታሪክ ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተገኙ ሦስት ናሙናዎች በቀር አትታወቅም ነበር። ጠፍታለች ተብሎ ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ወፍ ለማየት በጀልባ የወጡ ሰዎች በኮሮማንደል ባሕር ዳርቻ አካባቢ አንዲት ግራ የምታጋባ ወፍ አይተው ፎቶ አነሡ። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በኖቬምበር፣ ሁለት ወፍ ተመልካቾች በሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ በርከት ያሉትን አይተው በጥሩ ፎቶ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያዎች ወፎቹን ባሕር ላይ ይዘው ትንንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ ያሰሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚፈለፈሉበት ቦታ ተገኘ። ሊትል ባሪየር ደሴት ነው፤ ከትልቋ ከተማ ከኦክላንድ ብዙም ሳይርቅ። ደሴቱ ከድመት የጸዳው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከአይጥ ደግሞ በ2004። ያ ሁሉ ዘመን እዚያው ነበረች። የጠፋው ባሕር ወጥቶ የሚያያት ሰው ነው። ያዩዋት ደግሞ ዘገባችሁ ጊዜ የተረፋቸው የሚላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ማየት የሚወዱ፣ ካሜራ የያዙ።

በኛ ጀልባ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ባሕር አይስማማቸውም። በወጣን ቁጥር ያስመልሳቸዋል። አንድ እጃቸው የጀልባዋን ብረት ይይዛል፣ በሌላው ይጽፋሉ። በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ዝርያውን፣ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ምንም ያልታየበትን አሥር ደቂቃም ይጽፉታል፤ «ባዶም መረጃ ነው» ይላሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው ኢበርድ በሚባለው፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ ይጭኑታል። ዘገባው በወጣ ማግስት ደወሉልኝ። «በእውነት እየጎዳናቸው ነው እንዴ? ካልሆነ ልቅር?» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ይህንን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ከፎቶውም በላይ ይህ የስልክ ጥሪ ነው።

ዘገባው ሁሉም ቦታ ተሳስቷል አልልም። ወፎች እንቁላል በታቀፉበት ገደል ሥር ጀልባ አስጠግቶ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አለ። ወፎቹ ደንግጠው ሲነሡ እንቁላሉ ይወድቃል። ይህ ሊወገዝ ይገባዋል፤ ደግ አደረጋችሁ። በሌሊት ደማቅ መብራት ማብራትም ወፎችን ያሳስታል፣ ጀልባው ላይ ይወድቃሉ። በውሃ ላይ ያረፈ መንጋ መሃል በፍጥነት ማለፍም ነውር ነው። የወፍ ጉንፋን ከተስፋፋ ወዲህ በደሴቶች ላይ ከመውረድ መቆጠብም ተገቢ ነው። ማባበያም ቢሆን ሲበዛ ጥሩ አይደለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቼ አፍስሼ ወፎች እርስ በርስ ሲደባደቡ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ባልዲ አላልፍም። ስለዚህ መጠን ይወሰን፣ ርቀት ይወሰን፣ ደንብ ይውጣ ብትሉ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። ነገር ግን ገደል ሥር ያለውን ጀልባና ጥልቁ ባሕር ላይ ያለውን ጀልባ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቀላቅላችሁ ሁላችንንም በአንድ ቃል መታችሁን። ሁለቱ ሥራዎች ለየብቻ ናቸው። ይህንንም በስልክ ተናግሬ ነበር።

የምጠይቀው እርማት ረጅም አይደለም። «ለማኝ» የሚለው ቃል ይውጣ። ለሳይንስ የሚያበረክቱት ነገር የለም የሚለው ይስተካከል፤ መምህርቷ እንዲያነቡት ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን። ፎቶው ሥር ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «የዊልሰን ስቶርም ፔትረል፣ በባሕር ላይ ምግቧን ስትለቅም።»

ከጀልባዋ ኋላ የሚቆመው አንባቢያችሁ